የውሃ ማሞቂያው ሲያንጠባጥብ፦ ሄት ፓምፕ ለሚያስብ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተሰብ

የተጠየቅኩት ይህ ነው፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ቤቱ በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው፤ ቤዝመንት አለው። ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ፈርነስ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን ደግሞ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሁለት ኮንትራክተር ጠራሁ። አንዱ ‹ሁሉንም አውጣና ባለ 5 ቶን ሄት ፓምፕ አስገባ› አለኝ። ሌላው ‹ሄት ፓምፕ የዚህን አገር ብርድ አይችልም፤ ጋዝህን እንዳትለቅ› አለኝ። ስድስት ሰው ነን። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት፤ ብርድ አትችልም። ማንን ልስማ? ቢሉስ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። ባለ 5 ቶን ያለህ ሰውዬ ቤትህን አልለካም፤ ቶን የማሽኑ ጉልበት መለኪያ ነው እንጂ ክብደቱ አይደለም። ብርድ አይችልም ያለህ ደግሞ ከ20 ዓመት በፊት የሚያውቀውን ማሽን ነው የነገረህ። እኔ ብሆን አሁን የውሃ ማሞቂያውን በሄት ፓምፕ እቀይራለሁ፤ ፈርነሱን ደግሞ አንድ ዊንተር አስከርመዋለሁ። በዚያ ዊንተር ቤቱ ስንት ሙቀት እንደሚበላ ራስህ ትለካለህ። ለመለኪያው የስልክህ ሰዓት ይበቃል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ማሽኑ ምን እንደሚሠራ መጀመሪያ ልንገርህ፤ ያለዚያ የኮንትራክተር ወሬ መለየት ይከብድሃል። እጅህን ወደ ፍሪጅህ ጀርባ ስደድ። ሞቅ ይላል። ያ ሙቀት ትናንት ማታ ካስገባኸው ወጥ የወጣ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የበላው መብራት ታክሎበት። ሄት ፓምፕም እንደዚሁ ነው። ውጪውን አየር ያቀዘቅዛል፣ ከጀርባው የሚወጣውን ሙቀት ለአንተ ቤት ይሰጣል።

አገር ቤት ቡታ ጋዝ ስትጠቀሙ ያየኸው ነገርም አለ። ድግስ ሆኖ ትልቅ ድስት ለረዥም ሰዓት ሲጣድ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፤ ውጪው ላይ ላብ ያወጣል። ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያን ሙቀት ከብረቱና ከዙሪያው አየር ይነጥቃል። ግቢ የሚቀመጠው የሄት ፓምፕ ሳጥን በዊንተር ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጭምቅ ያደርገዋል። የብስክሌት ጎማ ስትነፋ ፓምፑ እንደሚግለው ጋዙም ይግላል። ቤት የሚገባው ያ ግለት ነው።

ጥቅሙ ቁጥሩ ላይ ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በልቶ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሄት ፓምፕ ያንኑ በልቶ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ያመጣል፤ ትርፉን ከአየር ነው የሚወስደው።

አሁን ወደሚያንጠባጥበው ታንክ እንሂድ። ከላይ ካለው ቧንቧ መጋጠሚያ ቢሆን ኖሮ ማጥበቅ ይቻላል። ከራሱ ከታንኩ ሥር ከሆነ ግን ብረቱ ተበልቷል፤ አይጠገንም። ዛሬውኑ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበትን ቫልቭና የጋዙን መዝጊያ ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳይ። ሌሊት የፈነዳ ታንክ ላይ ሰው ዕቃ አይመርጥም። መጋዘን ውስጥ ያለውን ማንኛውንም አምጥተው ይገጥሙልሃል፤ ለሚቀጥሉት 10 ዓመታት ከእሱ ጋር ትኖራለህ።

በእሱ ቦታ የሚገባው የሄት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ ተራ ታንክ ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ ኮምፕሬሰርና ፋን ተቀምጦበታል። ከቤዝመንቱ አየር ሙቀት ይስብና ወደ ውሃው ይከተዋል። ውስጡ እንደ ድሮው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግም አለው፤ ሲቸግር ያግዛል።

ባለ 50 ጋሎን ታንክ፣ ማለትም 190 ሊትር ገደማ፣ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 50 ለማድረስ 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይፈልጋል። በዘንጉ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በሄት ፓምፑ ብቻ ግን አምስትና ስድስት ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለስድስት ሰው 50 ጋሎን አትግዛ። 65 ወይም 80 ይሁን። ታንኩ ትልቅ ሲሆን ማሽኑ ሳይቸኩል ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ያድራል፤ ዘንጉም ብዙ አይበራም።

እዚህ ላይ እናትህን ማስረዳት ይኖርብሃል። አዲስ አበባ ቦይለር የሚበራው ገላ ከመታጠብ በፊት ነው፤ ታጥቦ የወጣ ሰው ያጠፋዋል። ያላጠፋ ይሰደባል። ይህን ማሽን እንደዚያ ካበሩና ካጠፉት ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ወይም ዘንጉ ይነሣና ቢሉ ያብጣል። ተከፍቶ ይኑር። ለፋሲካ ወይም ለክርስትና እንግዳ ሲሞላ በዋዜማው ወደ «ሃይ ዲማንድ» አድርገው፤ እንግዳው ሲሄድ መልሰው። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ አዝራሩ ግን አለ።

ቦታ ይፈልጋል። በአብዛኛው 700 ኪዩቢክ ጫማ የሚሆን አየር ይጠየቃል፤ 10 በ10 ጫማ የሆነች ክፍል እስከ ጣሪያዋ ድረስ ማለት ነው። ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ከዘጋህበት የራሱን ብርድ እየተነፈሰ ይዳከማል። ክፍሏ ጠባብ ከሆነች አየር የሚያሳልፍ በር ግጠምላት። ድምፅም አለው፤ ከፍሪጅ ጮክ ያለ ነገር ነው። የሚተኛ ሰው ካለ ከአልጋው አርቀው። ከአየሩ የሚጨምቀው ውሃ ስላለ ወለሉ ላይ መፍሰሻ ወይም ትንሽ ፓምፕ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ የትኛውም ኮንትራክተር አይነግርህም። ማሽኑ ቤዝመንቱን ጥቂት ዲግሪ ያቀዘቅዛል፣ ያደርቃልም። በሜሪላንድ ሐምሌ ይህ በረከት ነው። ቤዝመንታችሁ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ከሆነ፣ እርጥበት መምጠጫ ማሽኑን ራሱ ሊያስቀርልህ ይችላል። በዊንተር ግን ሊጥ ይዘገያል። ቀልዴን አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ዕቃውን ከገጠምኩላት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች። «እንጀራዬ ዓይን እምቢ አለ» አለችኝ። ወርጄ ሳይ የቡሖ ባልዲዎቹ ፋኑ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ቀዝቃዛው አየር ቀጥታ ይመታቸዋል። ባልዲዎቹን ወደ ፎቅ አወጣን፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። አንተም ቤት እርሾውን የሚይዘው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከመገጠሙ በፊት ንገረው። ማጣሪያውንም በየሁለት ወሩ አውጥተህ እጠብ። ቤዝመንት ውስጥ በርበሬ የሚያስፈጭና የሚያደርቅ ሰው ካለማ በየወሩ።

ገንዘቡን በአንድ ታንክ ውሃ እናስላው። ለምሳሌ ጋዝ ማድረሻውን ጨምሮ ለአንድ ቴርም (ቢሉ ላይ ጋዝ የሚለካበት ነው) 1.60 ዶላር፣ መብራት ለኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም እንበል። አሮጌው የጋዝ ታንክ ከሚያቃጥለው 60 በመቶውን ያህል ነው ውሃው ላይ የሚያደርሰው፤ ቀሪው በጭስ መውጫው ይሄዳል። ስለዚህ ያ 190 ሊትር በጋዝ ወደ 76 ሳንቲም ያወጣል። በተራ ኤሌክትሪክ ከ1.50 ዶላር ይበልጣል። ሦስት እጥፍ በሚያመጣ ሄት ፓምፕ 50 ሳንቲም። የራስህን ቢል አውጣና ቁጥሩን ቀይር፤ ጠቅላላ ክፍያውን ለተጠቀምከው መጠን አካፍለው። በዊንተር ቤዝመንቱ ውስጥ ያለውን ሙቀት የከፈልክበት አንተ ነህና ትርፉ ትንሽ ይሸረሸራል። በበጋ፣ ማለትም በሰመር፣ ይመለሳል።

አሁን ደህንነት። ይህን ቦታ ረጋ ብለህ አንብበው። በብዙ የዚያ ዘመን ቤቶች ፈርነሱና የጋዝ ውሃ ማሞቂያው በአንድ ጭስ ማውጫ ነው የሚተነፍሱት። ጭስ ማውጫው ለሁለት ተሠርቶ አንዱ ሲወጣ፣ ለቀረው ይሰፋበታል። ጭሱ ሳይወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጡቡን ያረጥባል፤ አንዳንዴም ወደ ቤት ይመለሳል። ውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። የባሰ አደጋ የሚሆነው ትልቁ ፈርነስ ወጥቶ ትንሹ ውሃ ማሞቂያ ብቻውን ሲቀር ነው። ውሃ ማሞቂያውን አስቀድም ያልኩህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቢሆንም የፈርነሱ ጭስ በደንብ እየወጣ መሆኑን የሚገጥምልህ ሰው ይፈትሽ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም በየፎቁ ይኑር፤ ባትሪውን እያወለቁ ለሪሞት መጠቀም የለም።

የሄት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያው አብዛኛውን ጊዜ 240 ቮልት፣ 30 አምፒር መስመር ይፈልጋል። የመብራት ፓነልህ 100 አምፒር ከሆነ፣ ምጣዱ፣ ማድረቂያውና ኤሲው ተደምረው ምን ያህል ቦታ እንደቀረህ ኤሌክትሪሽያን ያስላልህ። በ120 ቮልት ተራ ሶኬት የሚሠራም አለ፤ ለትልቅ ቤተሰብ ግን ዝግ ይልብሃል።

ወደ ቤቱ ማሞቂያ ስመጣ፣ «ብርድ አይችልም» የሚለውን አንድ ጊዜ እንጨርሰው። ዛሬ በሄት ፓምፕ ውስጥ ከሚሠራባቸው ጋዞች አንዱ፣ አር 32 የሚባለው፣ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ ይፈላል። እኛ ስንንቀጠቀጥ እሱ ይፈላል። የዙሪክ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ከሊማት ወንዝ ሙቀት እየሳበ ይሞቅ ነበር። በአውሮፓ ከቤቱ ብዛት አንጻር ሄት ፓምፕ በብዛት ያላቸው ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ ናቸው። ኦስሎ ዘመድ ካለህ ደውለህ ጠይቅ።

ያም ሆኖ ብርድ ይከብደዋል። ውጪው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያመጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ ቤቱ ደግሞ ያኔ ነው አብዝቶ የሚፈልገው። ስለዚህ ዕቃ ስትመርጥ ትልቁን ቁጥር አትይ። ዝርዝሩ ላይ በ47፣ በ17 እና በ5 ፋራናይት ምን ያህል እንደሚሰጥ የተጻፈ ሰንጠረዥ አለ። ለእናንተ ሰፈር 17ቱ ነው ዋናው፤ ከዜሮ በታች 8 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ከዚያ የሚወርዱት ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። «ኮልድ ክላይሜት» የሚል የኢነርጂ ስታር (የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም) ምልክት ያለው ማሽን በ5 ፋራናይት ላይ እንኳ በ47 ከሚሰጠው ቢያንስ 70 በመቶውን መስጠት አለበት። የምትፈልገው ኢንቨርተር ያለውን ነው፤ እንደ መኪና ነዳጅ መርገጫ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን።

አሁን ልኩ። ጥር ላይ ሌሊቱ 17 ፋራናይት አካባቢ የሚወርድበትን ቀን ጠብቅ። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ አትነካካ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጅ 5 ኤኤም አካባቢ፣ ፈርነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደነደደ ያዝ። ከዚያ የፈርነሱን በር ክፈትና ሰሌዳውን አንብብ። እንበል በሰዓት 100,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚያቃጥል፣ 80 በመቶ ብቃት ያለው ነው፤ ቤት የሚገባው 80,000 ነው። በሰዓት 25 ደቂቃ ከነደደ ቤትህ በሰዓት 33,000 ቢቲዩ ገደማ ነው የሚፈልገው። አንድ ቶን 12,000 ነው። ሦስት ቶን አይሞላም! ባለ 5 ቶኑ ለምን መጣ? ሰውዬው የፈርነሱን ሰሌዳ አይቶ ገምቶልሃል። የድሮ ፈርነሶች በአብዛኛው ለቤቱ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነበሩ፤ ጋዝ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። በሄት ፓምፕ ላይ ግን መተለቅ ቅጣት አለው። ለ5 ቶን ወደ 2,000 ኪዩቢክ ጫማ አየር በየደቂቃው በዱክት፣ ማለትም በአየር ማስተላለፊያው ቱቦ፣ ማለፍ አለበት። የአንተ ዱክት ይህን አይችልም፤ ሌሊቱን ሲያፏጭ ያድራል። ማሽኑም ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ በበጋ እርጥበቱን ሳያወጣ ያቆማል።

ይህ ልኬት ኮንትራክተሩን መፈተኛ ነው እንጂ የባለሙያ ስሌት አይተካም። «ማኑዋል ጄ» የሚባለውን የቤት ሙቀት ፍላጎት ስሌት በወረቀት እንዲሰጥህ ጠይቅ። መስኮት ሳይቆጥር፣ አቲክ (ከጣሪያው ሥር ያለው ቦታ) ሳይወጣ ዋጋ የሚጽፍ ሰው ካጋጠመህ ቡና አጠጥተህ ሸኘው። አቲኩን መድፈንና ክፍተቶቹን መዝጋት ደግሞ ሦስት ቶኑን ወደ ሁለት ተኩል ሊያወርደው ይችላል፤ እዚያ ላይ የምታወጣው ገንዘብ ማሽኑ ላይ ይመለስልሃል።

የእናትህ ነገር። ፈርነስ የሚያወጣው አየር 120 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ነው፤ እጅህን ስትዘረጋ ያቃጥላል። ከሄት ፓምፕ የሚወጣው ከ90 እስከ 105 ነው። ክፍሉ ያው 70 ይሆናል፤ ግን አየሩ ከሰውነት ሙቀት እምብዛም ስለማይበልጥ፣ አንገት ላይ ሲያርፍ ነፋስ ይመስላል። እናቶቻችን ደግሞ ነፋስን ያውቁታል። «ነፋስ መታኝ» ካሉ ቴርሞስታት አሳይተህ አታሳምናቸውም። ልታሳምናቸው አትሞክር፤ ወንበራቸውን ከአየር መውጫው ፊት አንሣ። ወይም አየሩን ወደ ግድግዳው የሚያዞር ክዳን ግዛ፤ ጥቂት ዶላር ነው። ብዙ ቤት ቅሬታው በዚህ ብቻ ቆሟል።

ቴርሞስታቱንም ማታ ዝቅ፣ ጠዋት ከፍ ማድረግ ተዉ። በጋዝ ይጠቅም ነበር። በሄት ፓምፕ ግን ጠዋት በአንዴ 6 ዲግሪ ስትጠይቀው መጠባበቂያው የኤሌክትሪክ ዘንግ ይነሣል፤ ሌሊት ያዳንከውን በአንድ ሰዓት ይበላዋል። «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለውን አዝራር ደግሞ ልጆች እንዳይነኩት፤ ሄት ፓምፑን አቁሞ ዘንጉን ብቻ ያሠራል። አንድ ቤት በታኅሣሥ በስህተት ተነክቶ እስከ መጋቢት ሄት ፓምፑ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር፤ ቢሉን ሲያሳዩኝ የሱቅ መሰለኝ። ሌላ ደንበኛ ደግሞ «እንዳይበርደው» ብሎ የግቢውን ሳጥን በሸራ ጠቅልሎት አገኘሁ። አየር ከሌለው ከየት ያምጣ? በበረዷማ ጠዋት እንፋሎት ሲያወጣ ብታይም አትደንግጥ። የያዘውን አመዳይ እያቀለጠ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል።

ቢሉ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ላልከው፣ እውነቱን ልንገርህ፦ በቤት ማሞቂያ በኩል ብዙ አትጠብቅ። በላይኞቹ ዋጋዎች አሮጌው ፈርነስህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት በ7 ሳንቲም ገደማ ይሰጥሃል። ሄት ፓምፕ ሦስት እጥፍ በሚያመጣበት ቀን 6፣ ሁለት እጥፍ ብቻ በሚያመጣበት ሌሊት 9፣ ዘንጉ ብቻውን ሲሠራ 18። 95 በመቶ ብቃት ያለው አዲስ ፈርነስ ብትገዛ ደግሞ ከ6 ሳንቲም ትንሽ ዝቅ ይላል። እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሚዛኑን የሚደፋው ኤሲው ነው፤ ዕድሜውን አልነገርከኝም። ሄት ፓምፕ በበጋ ኤሲ ስለሆነ፣ ኤሲው መሞቻው ከደረሰ ሁለት ዕቃ በአንድ ትተካለህ። ኤሲው አዲስ ከሆነ አትቸኩል። ጋዙን ጨርሶ መቁረጥ ወርኃዊውን ቋሚ ክፍያ ያስቀርልሃል። ግን የሸክላ ጀበና ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ አይሠራም፤ ቤት ውስጥ ይህን ከመወሰንህ በፊት ምከሩበት።

«የፌዴራል ታክስ ቅናሽ 2,000 ዶላር ታገኛለህ» የሚልህ ሰው ካለ፣ ያ ቅናሽ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም ዕቃ ቀርቷል። በሜሪላንድ ግን የኤሌክትሪክ ድርጅቶች «ኢምፓወር» በሚባለው ፕሮግራም ቅናሽ ይሰጣሉ። መጠኑና ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመፈረምህ በፊት አንተው ራስህ ደውል። ፐርሚት፣ ማለትም የመግጠሚያ ፈቃድ፣ ሳያወጣ ልግጠም የሚልህን፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ እምቢ በል።

ታንኩን በዚህ ሳምንት አስቀይር። ጥር ላይ የሌሊቱን ደቂቃ ስትይዝ ጻፍልኝ፤ የፈርነሱን ሰሌዳና ከኤሲው ጎን የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ አያይዝ።